ቅዱስ ባስልዮስ በረኃብ ዘመን

በቅዳሴው የምናውቀው ቅዱስ ባስልዮስ በቀጰዶቅያ ከባለጸጎች ቤት ተወልዶ በአቴና የተማረ አባት ነው። እኛ ተማሪዎች ዕውቀቱን እናደንቃለን፤ እስቲ ደግሞ እጁን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ369 ገደማ ቂሣርያ በረኃብ ስትመታ፣ ገና ቄስ ሳለ፣ እህል የደበቁትን ባለጸጎች በስብከቱ ገሥጾ ጎተራቸውን አስከፈተ፤ በትልልቅ ድስት ሾርባ አስቀቅሎ የተራቡትን አበላ፤ አገለገላቸውም። በ370 ጳጳስ ሆኖ ከተሾመ በኋላ ከከተማው ውጭ ለድኆች፣ ለእንግዶችና ለሕሙማን መጠጊያ ሠራ። ገንዘብ መስጠቱስ ለእኛም አይከብደን ይሆናል። እርሱ ግን ዘመድ እንኳ የሸሻቸውን ለምጻሞች ቀርቦ እየሳመ ሰላምታ ይሰጣቸው፣ ያስታምማቸውም ነበር። በ379 ሲያርፍ አረማውያንና አይሁድ ሳይቀሩ እያለቀሱ ሸኙት።