ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፡ የአማርኛ ልብ ወለድ ጀማሪ

በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከባሕር ዳር ከተማ በጀልባ የሚደረስባት የዘጌ ልሳነ ምድር በጥንታዊ ገዳማቷና በቡና ደኗ ትታወቃለች። ሆኖም ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ያበረከተችው ድርሻ የዚህን ያህል አይነገርላትም። በአማርኛ ቋንቋ የመጀመሪያውን ልብ ወለድ መጽሐፍ አሳትመው ለንባብ ያበቁት ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ በ1868 የተወለዱት በዚችው ምድር ነው።

ነጋድራስ አፈወርቅ ያደጉበት የጣና ዙሪያ የገዳማትና የሊቃውንት አገር ብቻ ሳይሆን የነጋዴም መንገድ ነበር። ከሐይቁ በስተምሥራቅ የሚገኘው ይፋግ በዚያ ዘመን ስሙ የገነነ ገበያ ሲሆን፣ ከጎንደር ወደ ደቡብ የሚጓዘው ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍበትና ቀረጥ የሚከፍልበት ሥፍራ ነበር። ነጋዴ፣ ኬላና ቀረጥ ኋላ በደራሲው ሕይወትም ሆነ በጽሑፋቸው ደጋግመው የሚታዩ ጉዳዮች ናቸው።

አፈወርቅ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ቀስመዋል፤ የሥዕል ተሰጥኦም ነበራቸው። በዚህ ተሰጥኦ ምክንያት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለትምህርት ወደ ኢጣሊያ ከተላኩት ቀደምት ኢትዮጵያውያን አንዱ ለመሆን በቁ። እ.ኤ.አ በ1887 ወደ ኢጣሊያ ሄደው በቶሪኖ ከተማ በሚገኘው የአልበርቲና የሥነ ጥበብ አካዳሚ ሥዕል ተምረዋል። ወደ አገራቸው ሲመለሱም በእንጦጦ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እንዲሥሉ ተደርጓል። ነገር ግን በቤተ መንግሥቱ አካባቢ የነበራቸው ኑሮ የተደላደለ አልነበረም፤ በተለይ ከእቴጌ ጣይቱ ጋር ያላቸው ግንኙነት ሻክሮ እንደነበር ይነገራል።

እ.ኤ.አ በ1894 ከሁለት ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ጋር ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ፣ ኑሻቴል ከተማ ተላኩ። ብዙም ሳይቆይ ኢትዮጵያና ኢጣሊያ ወደ አድዋ ጦርነት ገቡ። በዚያ አስጨናቂ ወቅት አፈወርቅና ባልንጀሮቻቸው ስዊዘርላንድን ለቀው ወደ ጠላት አገር ኢጣሊያ ተሻገሩ። ይህ ውሳኔ በስማቸው ላይ ያሳረፈው ጥላ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልለቀቃቸውም።

ይሁንና በሥነ ጽሑፍ ረገድ ፍሬያማው ዘመናቸው የጀመረው በኢጣሊያ በኖሩባቸው ዓመታት ነው። እ.ኤ.አ ከ1902 ጀምሮ በናፖሊ የምሥራቅ ቋንቋዎች ተቋም ከፕሮፌሰር ፍራንቸስኮ ጋሊና ጋር በመሆን አማርኛ አስተምረዋል። የማስተማሩ ሥራ የመማሪያ መጻሕፍት የሚፈልግ በመሆኑ እ.ኤ.አ በ1905 የአማርኛ ሰዋስው፣ በ1911 ደግሞ የአማርኛን ግሥ የሚመለከት መጽሐፍ በኢጣሊያንኛ አሳትመዋል።

እ.ኤ.አ በ1908 በሮም ከተማ የታተመው ልብ ወለድ ታሪክ፣ ኋላም በዋና ገጸ ባሕርይዋ ስም ጦቢያ እየተባለ የሚጠራው መጽሐፍ፣ የነጋድራስ አፈወርቅን ስም ከአማርኛ ልብ ወለድ ጅማሮ ጋር ያቆራኘ ሥራ ነው። ከመቶ ገጽ የማይበልጥ ትንሽ መጽሐፍ ቢሆንም በአፍሪካ ቋንቋዎች ከተጻፉት የመጀመሪያዎቹ ልብ ወለዶች ተርታ ይሰለፋል። በደቡባዊ አፍሪካ የቶማስ ሞፎሎ የመጀመሪያ የሶቶ ቋንቋ ልብ ወለድ በመጽሐፍ መልክ የወጣው ከእርሱ አንድ ዓመት ብቻ ቀድሞ ነበር። ዛሬ በአማርኛ ለዚህ የድርሰት ዓይነት መጠሪያ የሆነው ልብ ወለድ የሚለው ቃልም ከዚህ መጽሐፍ ርእስ ጋር አብሮ የሚነሳ ነው።

ታሪኩ በጦርነት ድል ሆኖ በተማረከ አንድ ክርስቲያን የጦር አለቃ ይጀምራል። የጦር አለቃው ከምርኮ ነፃ የሚወጣው በአንድ ደግ ነጋዴ ቸርነት ነው። ወንድ ልጁ ዋሕድ የአባቱን ባለውለታ ፈልጎ ብድሩን ለመመለስ ከቤት ሲወጣ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። አባትና መንታ እህቱ ጦቢያ ፍለጋ ይነሳሉ፤ ጦቢያም በመንገድ እንዳትደፈር የወንድ ልብስ ለብሳ ትጓዛለች።

የመጽሐፉ ፈገግታም ሆነ ልብ አንጠልጣይነት የሚመነጨው ከዚህ የተሸሸገ ማንነት ነው። አንባቢው ምሥጢሩን ያውቃል፤ በታሪኩ ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን አያውቁም። በንጉሡ ግቢ ያለች ልዕልት ወንድ ለመሰላት ጦቢያ ልቧን ስትሰጥ አንባቢ እየሳቀ ይጨነቃል፤ ምሥጢሩ መቼና እንዴት እንደሚገለጥ ለማወቅም ገጹን ይገልጣል። በመጨረሻ ማንነት ሁሉ ሲገለጥ ጠላትነት በጋብቻና በዕርቅ ይተካል። የወንጀል ምርመራና የስለላ ልብ ወለድ በአማርኛ ከመለመዱ ከረጅም ጊዜ በፊት፣ ምሥጢርን ደብቆ በጊዜው የመግለጥ ጥበብ በዚህ በበኩሩ መጽሐፍ ታይቷል ማለት ይቻላል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ በ1964 በታደሰ ታምራት ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ላይ ወጥቷል።

የደራሲው ምጸት በይበልጥ የሚታየው ግን በዚያው በ1908 በሮም ባሳተሙትና በአቢሲኒያ ለሚጓዝ ሰው መምሪያ እንዲሆን በፈረንሳይኛና በአማርኛ ባዘጋጁት መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ በውጭ ገጽታው ለመንገደኛ የተዘጋጀ የንግግር መለማመጃ ነው። ንባቡ እየገፋ ሲሄድ ግን በእንግዳና በአገሬው ሰው መካከል የሚደረገው ጨዋታ የዘመኑን አስተዳደር ወደ መተቸት ያመራል። በየኬላው የሚንገላታው ነጋዴና ወታደር የሚመዘብረው ገበሬ በሳቅ ውስጥ ይቀርባሉ። ደራሲው በግልጽ ቢጽፉት ቁጣ የሚቀሰቅሰውን ሐሳብ በቋንቋ ትምህርት መካከል አስገብተው ማስነበባቸው የብልሃታቸው ማሳያ ነው።

በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ በ1909፣ የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ የሚተርክ መጽሐፍ አሳተሙ። ይህ ሥራ ከመምሪያው መጽሐፍ በተቃራኒ በውዳሴ የተሞላ ነው። ንጉሠ ነገሥቱን ለማወደስ ዐፄ ቴዎድሮስንና ዐፄ ዮሐንስን ማንኳሰሱ ከሌላው የዘመኑ ምሁር ከነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ብርቱ ትችት አስከትሎበታል። ገብረ ሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ከአድልዎ ነፃ ሊሆን እንደሚገባው በመግለጽ፣ ወገንተኛ ጽሑፍ አንባቢን እንደሚያሳስት አስገንዝበዋል። በአማርኛ የኅትመት ታሪክ ውስጥ በሁለት ምሁራን መካከል ከታዩት ቀደምት የሐሳብ ፍጭቶች አንዱ ይኸው ነው።

አፈወርቅ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በመንግሥት ሥራ ተሰማርተዋል። እ.ኤ.አ በ1920ዎቹ የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ጉምሩኩን መርተዋል፤ ተቺያቸው ገብረ ሕይወት እ.ኤ.አ በ1919 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ያገለገሉትም በዚሁ ሹመት ነበር። የኬላን ግፍ በብዕራቸው የተቹት ሰው የኬላ ኃላፊ ሆኑ ማለት ነው። ቀጥሎም ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ዜጎች የሚካሰሱበትን ልዩ ፍርድ ቤት የመሩ ሲሆን፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ መንግሥት ጉዳይ ፈጻሚ ሆነው በሮም አገልግለዋል።

ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ግን ለሁለተኛ ጊዜ ከወራሪው ጎን ቆሙ። የአፈ ቄሣርነት ማዕረግ ተሰጥቷቸው የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ በተባለው ጋዜጣ የወረራውን አገዛዝ በማወደስ ጽፈዋል። ይህ የሆነው አርበኞች በየጫካው በሚዋደቁበትና የአዲስ አበባ ሕዝብ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም በተጨፈጨፈበት ዘመን ነው። የአማርኛን ልብ ወለድ የወለደው ብዕር ለቅኝ ገዢ ልሳን መሆኑ ብዙዎችን አሳዝኗል።

ከነፃነት መመለስ በኋላ ነጋድራስ አፈወርቅ ወደ ጅማ ተግዘው በዚያው እ.ኤ.አ በመስከረም ወር 1947 አርፈዋል። ከተወለዱባት የቡና ምድር ዘጌ ርቀው፣ በሌላዋ የቡና አገር ሕይወታቸው አለፈ።

የነጋድራስ አፈወርቅ ታሪክ ከሁለት አንዱን ብቻ ይዞ ሊነገር የሚችል አይደለም። ለሥነ ጽሑፍ ያበረከቱት ሲባል ለወራሪው ማደራቸውን መሸፋፈን ታሪክን ማጉደል ነው፤ በክህደታቸው ምክንያት ሥራቸውን መፋቅም እንዲሁ። በተለይ የሕዝብ አደራ ለተቀበለ ሠራተኛና ኃላፊ የሕይወታቸው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የሌላውን ጉድለት አጥርቶ የሚያይ አእምሮና የሚያስቅ ብዕር መታደል፣ በፈተና ሰዓት ከወገን ጋር ጸንቶ ለመቆም ብቻውን አይበቃም። ጦቢያ ግን ከደራሲዋ ውድቀት ተርፋ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ዘልቃ ዛሬም ትነበባለች።