ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ፦ በጠላት መካከል የተዋጉ የውስጥ አርበኛ

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ሲገባ የወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ዕድሜ ወደ ሃምሳ ተጠግቶ ነበር። የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ወርዶ የወራሪው ባንዲራ ሲሰቀል በአደባባይ ምርር ብለው እንዳለቀሱ ይነገርላቸዋል። ከዚያ ወዲህ ግን ሥራቸው ሁሉ በስውር ሆነ።

ወይዘሮ ሸዋረገድ ከቤተሰባቸው የወረሱት ሀብት ነበራቸው። ጦርነቱ ሲጀመር ከዚሁ ሀብት እየሸጡ ለዘማቹ የጦር መሣሪያ መግዣ አዋሉት። አገር ከተያዘ በኋላ ደግሞ ወደ ጫካ ከመውጣት ይልቅ ከጠላት ጋር በአንድ ከተማ መኖርን መረጡ፤ የውስጥ አርበኛ ሆኑ።

የውስጥ አርበኛ ቀን ቀን ለጠላት የተገዛ መስሎ ይውላል፤ ማታ ማታ የአገሩን ሥራ ይሠራል። ወይዘሮ ሸዋረገድም ጥይት፣ መድኃኒትና ልብስ እየሰበሰቡ በሸዋ ጫካ ለተሰማሩት አርበኞች ያደርሱ ነበር። ከስንቁ ይልቅ የሚፈለገው ወሬው ነበር። የጠላት ጦር መቼ እንደሚወጣ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚያልፍ፣ ስንት እንደሆነ አስቀድሞ የሰማ አርበኛ በጥቂት ጠመንጃ ብዙውን ይገጥማል፤ ሳይሰማ የቀረ ግን ተኝቶ ይከበባል።

በዚያው ዘመን በአውሮፓ የስለላ ልብ ወለድ እጅግ ይወደድ ነበር። ሶመርሴት ሞም የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሰላይ ሆኖ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1928 በመጽሐፍ አወጣ። ኤሪክ አምብለርም የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ያሳተመው አዲስ አበባ በተያዘችበት በ1936 እ.ኤ.አ. ነው። አንባቢን የሚይዘው፣ ማን ወዳጅ ማን ጠላት እንደሆነ ሳይታወቅ አንድ ሰው ብቻውን ከትልቅ ኃይል ጋር ሲታገል ማየቱ ነው። በልብ ወለድ ሰላዩ ቢያዝ አንባቢው ገጹን ገልጦ ማምለጫውን ይፈልጋል። በአዲስ አበባ ግን የተያዘ ሰው የሚጠብቀው ግርፋት፣ ግዞት ወይም ስቅላት ነበር።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ ብዙ ሺህ የከተማው ነዋሪ ተጨፈጨፈ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንም ወደ ኢጣሊያ ተጋዙ። ወይዘሮ ሸዋረገድም ተይዘው ተመረመሩ። በኤሌክትሪክ ጭምር እንዳሠቃዩዋቸው ይነገራል። ከእርሳቸው የሚፈለገው የባልደረቦቻቸው ስም ነበር፤ እርሳቸው ግን አላወጡም። ያ ዝምታ የስንት ቤት በር ሳይሰበር እንዲያድር እንዳደረገ ቆጥሮ የሚነግር የለም።

ከዚያም በሰርዲኒያ አጠገብ ወደምትገኘው አዚናራ ደሴት ተጋዙ። ከግዞት ሲመለሱ በቤታቸው አርፈው ይቀመጣሉ ብሎ የጠበቀ ጠላት ቢኖር ተሳስቶ ነበር። ወዲያው ወደ ቀድሞ ሥራቸው ገቡ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በአዲስ ዓለም የነበረው የጠላት ምሽግ በአርበኞች ሲጠቃ ውጥኑን ካቀነባበሩት አንዷ እርሳቸው ነበሩ።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ደቡቡ ገና ነጻ አልወጣም ነበር። ወላይታ ሶዶ ከኢጣሊያ ጦር እጅ የወጣችው በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ነው። ወይዘሮ ሸዋረገድ የነጻነቱን ዘመን ለጥቂት ዓመታት ብቻ አይተው በ1940ዎቹ መጀመሪያ ዐረፉ።

የእርሳቸው ስም ተርፏል። ጥይቱን በእህል ውስጥ ደብቆ ያሳለፈው፣ ወሬውን ከገበያ ለቅሞ ያደረሰው፣ መንገደኛውን ሳይጠይቅ ያሳደረው ሰው ስም ግን በአብዛኛው አልተጻፈም። የምስጢር ሥራ ጠባዩ እንዲህ ነው፤ በደንብ የሠራው ሰው ምልክት አይተውም። በሁምቦም ሆነ በሌላው የወላይታ ወረዳ የጣሊያንን ዘመን ከወላጆቻቸው የሰሙ አረጋውያን ዛሬም አሉ። የሰሙት ካልተጻፈ ከእነርሱ ጋር ይቀበራል።