የስሜንን ዕፅዋት በመዝገብ ያኖሩት ሺምፐር

እ.ኤ.አ. በ1804 በጀርመን የተወለዱት የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ ኢትዮጵያዊት አግብተው ቀሪ ዕድሜያቸውን በዚሁ አሳልፈዋል።

የስሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም በትግራይ የእንጢጮን አካባቢ እንዲያስተዳድሩ ሾመዋቸው ነበር። ሺምፐር ከስሜን ተራሮችና ከሌሎች ደጋማ ቦታዎች የሰበሰቧቸውን ዕፅዋት በማድረቅ፣ የተገኙበትን ሥፍራና ጊዜ በመመዝገብ ወደ አውሮፓ ልከዋል።

ደጃዝማች ውቤ እ.ኤ.አ. በ1855 በስሜን ደረስጌ በዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ድል ሲሆኑ ሺምፐርም ሹመታቸውን አጡ። ሆኖም ሥራቸውን አላቋረጡም፤ እ.ኤ.አ. በ1858 ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገቡት እርሳቸው እንደሆኑ የታሪክ ጸሐፍት ያወሳሉ። ዛሬ ድንች በደባርቅና በዳባት ደጋዎች ከገብስ ጋር የሚለማ ሰብል ነው።

ሺምፐር በመቅደላ ከቆዩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 ነጻ ወጥተው፣ እ.ኤ.አ. በ1878 በዓድዋ አርፈዋል። ባረፉ በመቶኛው ዓመት የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥቷል። እርሻና ግጦሽ የተራራውን ገጽታ በለወጡበት በዚህ ዘመን፣ የሺምፐር ስብስብ ቀድሞ የነበረውን ዕፅዋት ከዛሬው ጋር ለማነጻጸር የሚያገለግል ቋሚ ማስረጃ ሆኗል።