ስለ ሌላው የቆሙት አባት፦ ጻድቁ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዝቋላ

መጋቢት 5 ቀን በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የጻድቁ አባታችን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ የዕረፍታቸው መታሰቢያ በዓል ነው። በባሕረ ሐሳብ ሥርዓት ዐቢይ ጾም የቱንም ያህል ቢዘገይ መግቢያው ከመጋቢት 5 ቀን ስለማያልፍ በዓሉ ምንጊዜም ከጾሙ አይወጣም። የሚዘከረውም ጠላና ዳቦ፣ ንፍሮና ቆሎ ቀርቦ ነው። ብዙው ምእመን ወደ ተራራው የሚጎርፈው በጥቅምት 5 መሆኑን አንዳንዶች ከዚሁ ከጾሙ ጋር ያያይዙታል። እኛ ግን የመጋቢቱን በዓል እንወደዋለን፤ የጻድቁ ሕይወት ጾምና ጸሎት ብቻ ነበርና በጾም መታሰባቸው የተገባ ይመስለናል።

ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆ በኩል ወደ ቢሾፍቱ የሚጓዝ መንገደኛ ሰማዩ በጠራ ዕለት በግራው በኩል ብቻውን የቆመ ትልቅ ተራራ ያያል። ተራራው ዝቋላ ነው። በአውቶቡስ ውስጥ ያሉ እናቶች ነጠላቸውን አስተካክለው ሲያማትቡ፣ አቦ እያሉ ሲማጸኑ መመልከት የተለመደ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3 ሺህ ሜትር የሚጠጋው ይህ ተራራ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ የነበረ ሲሆን በዐናቱ ላይ፣ በጥድና በወይራ ተከቦ፣ ሐይቅ ተኝቶበታል። ቀጥለን የምንተርከው ሕይወት ከዚያ ሐይቅ ጋር የተሳሰረ ነው።

ገድላቸው እንደሚነግረን ጻድቁ የተወለዱት በግብፅ አገር፣ ንሒሳ በተባለ ስፍራ ነው። አባታቸው ስምዖን፣ እናታቸው አቅሌስያ ይባላሉ። እነዚህ ደጋግ ባልና ሚስት ልጅ በማጣት ለብዙ ዘመን ያዘኑ፣ ይሁን እንጂ ከጸሎትና ከምጽዋት ያልተለዩ ነበሩ። ስለዚህ የጻድቁ ታሪክ የሚጀምረው ከእርሳቸው ጸሎት ሳይሆን ከወላጆቻቸው ጸሎት ነው። ልጁም በመልአኩ በቅዱስ ገብርኤል አብሣሪነት ታኅሣሥ 29 ቀን ተወለዱ። የእናታቸውን ጡት እንዳልጠቡ፣ የዚህንም ዓለም ምግብ እንዳልቀመሱ ገድሉ ይተርካል። ሦስት ዓመት ሲሆናቸው መልአኩ ከወላጆቻቸው ቤት ወስዶ አባ ዘመደ ብርሃን ለሚባሉት የገዳም አባት ሰጣቸው፤ በዚያም መጻሕፍትን እየተማሩ፣ በአባቶች እግር ሥር አደጉ። ግብፅ የእነ ቅዱስ እንጦንስና የእነ ቅዱስ መቃርስ በረሓ፣ የምንኩስና ምንጭ መሆኗን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

ማዕርገ ክህነትን ከተቀበሉ በኋላ ወደ በረሓ ወጡ። ሰውነታቸው እንደ በረዶ ነጭ በሆነ ፀጉር ተሸፍኖ ስለ ነበር ልብስ አላሻቸውም። 60 አንበሶችና 60 ነብሮች ይከተሏቸው ነበር፤ አራዊቱም ያረፉበትን ትቢያ እየላሱ ይኖሩ ነበር ይላል ገድሉ። በየቤታችን ግድግዳ ላይ የምናየው ሥዕላቸው የተሣለው ከዚህ ነው፤ ረጅም ነጭ ጽሕም፣ በጸሎት የተዘረጉ እጆች፣ ከግራና ከቀኝ አንበሳና ነብር።

በግብፅ በረሓ 300 ዘመን፣ በኢትዮጵያ 262 ዘመን፣ በድምሩ 562 ዘመን እንደ ኖሩ ተጽፏል። በሰንበት ትምህርት ቤት ሳለን ከወጣቶች ዘወትር የሚነሣው ጥያቄ ይህ ቁጥር ነበር፤ ዛሬም ይነሣል። ጥያቄው ነውር የለበትም። ነገር ግን ገድል የሚነበበው በሒሳብ መዝገብ ልማድ አይደለም። እነዚያ ሁሉ ዘመናት በምን አለፉ? የዛሬው ጽሑፋችን የሚቆመው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በቅዱስ ላሊበላ ዘመነ መንግሥት እንደ ሆነ ይተረካል። የተቀመጡትም በሶዶ ጉራጌ በምትገኘው በምድረ ከብድና በዝቋላ ነው። ወደዚህ አገር ሲላኩ የተሰጣቸው አገልግሎት ከተማ ማቅናት ወይም ጉባኤ መዘርጋት አልነበረም፤ ስለ ሕዝቡ መጸለይ ነበር። ጻድቁም የኢትዮጵያን ሕዝብ ኃጢአት ባዩ ጊዜ አዝነው ወደ ዝቋላ ሐይቅ ገቡ። ራሳቸውን ወደ ታች፣ እግራቸውን ወደ ላይ አድርገው፣ በዚያ ብርድ ውስጥ 100 ዓመት ጸለዩ። በሐይቁ ዙሪያ የሰፈሩ የአጋንንት ሠራዊት ተነሡባቸው፤ እርሳቸው ግን ከጸሎታቸው አልተናወጡም። ምሕረት እንደ ተሰጠ በተነገራቸው ጊዜ እንኳ የሕዝቡ ሁሉ ነገር ሳይፈጸም ከውኃው መውጣት አልወደዱም።

አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ይህን ነው። ሕዝቡ አላከበራቸውም፣ አልላካቸውም፤ አብዛኛውም በዚያ ሐይቅ ውስጥ ስለ እርሱ የሚማጸን ሰው መኖሩን አያውቅም ነበር። ለሰው ልጅ በሚታይ መልኩ የተሠራ አንዳች ሥራ የለም። ቤተ ክርስቲያን ግን ይህን ከአገልግሎት ሁሉ የበለጠ አገልግሎት አድርጋ በስንክሳሯ ጻፈችው።

ሌላም ጊዜ ዓይናቸውን ወደ ሰማይ አቅንተው፣ ሳይከድኑ፣ እንደ ምሰሶ ሰባት ዓመት ቆመዋል። ጠላት በቁራ ተመስሎ መጥቶ ዓይናቸውን አጠፋው። እርሳቸው ግን ጸሎታቸውን አላቋረጡም፤ በኋላም ቅዱሳን መላእክት ሚካኤልና ገብርኤል መጥተው ፈወሷቸው። በብዙ ሥዕሎቻቸው ላይ ከዓይናቸው አጠገብ የምትታየውን ወፍ በተመለከተ ሌላ ትረካም አለ፤ በውኃ ጥም የተያዘች ወፍ ከዓይናቸው እንባ ጠጥታ ጥሟ እንደ ረካ አባቶች ይናገራሉ። ለእኛ ሁለቱም ትረካዎች ውድ ናቸው፤ ልጆች ግን የሚወዱት ሁለተኛውን ነው።

ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት ሰባት ጊዜያትን ወስኗል፤ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓቱ ሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ናቸው። ማሕሌቱ፣ ሰዓታቱ፣ ኪዳኑና ቅዳሴውም የተሠሩት የሕዝቡ ልመና ሌትም ቀንም እንዳይቋረጥ ነው። በቅዳሴ ላይ ዲያቆን ከሚሰጡት ተግባራት ዋነኛው ሕዝቡን ለጸሎት ማስነሣትና ስለ ታመሙት፣ ስለ ተጓዙት፣ ስለ ዝናሙና ስለ አዝመራው፣ ስለ አገር ሰላም እንዲለምን መጥራት ነው። ለራስ መለመን ያለ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ጸሎት ግን ከመጀመሪያው ስለ ሌላው ነው።

ከብዙ ዓመታት በፊት በስምጥ ሸለቆ ካሉት ከተሞች በአንዲቱ ስናገለግል ያየነውን እናንሣ። የደብሩን ስም አንጠራም። ለዓመታዊው ክብረ በዓል ድንኳን ይተከላል፣ ድምፅ ማጉያ ይሰቀላል፣ ግቢው በሕዝብ ይጨናነቃል። በማግስቱ የነግህ ኪዳን ሲደርስ ግን በቦታው የምንገኘው አንድ አረጋዊ ቄስ፣ እኛና አንዲት እናት ብቻ ነበርን። አንድ ቀን ደግሞ የሕንፃው ኮሚቴ ስብሰባ ስለ ረዘመ የሠርኩ ጸሎት ታጠፈ። ያን ጊዜ የተቆጣ አልነበረም፤ እኛም ዝም አልን። አረጋዊው ቄስ ግን ብቻቸውን ወደ ቤተ መቅደስ ገብተው የታጠፈውን ጸሎት አደረሱ። እኒያ እናትም መምጣታቸውን አልተዉም፤ ለምን እንደሚመጡ ስንጠይቃቸው ወታደር ልጅ እንዳላቸው፣ ነገር ግን ስለ እርሱ ብቻ መጸለይ እንደሚያሳፍራቸው፣ ስለዚህ ስለ ወታደር ሁሉ እንደሚለምኑ ነገሩን። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ገድል በኮሌጅ ተምረነዋል፤ የገባን ግን ያን ቀን ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ጻድቁ በዕለተ እሑድ መጋቢት 5 ቀን ዐረፉ። ከዚያ ወዲህ በስማቸው የታነጹት አብያተ ክርስቲያናት፣ በወር በወሩ በአምስት ቀን የሚጠጣው የጽዋ ማኅበር በየአገሩ ብዙ ነው። አቦ የሚለውን ስም ኦሮሞውም፣ ጉራጌውም፣ አማራውም በየቋንቋው ይጠራዋል።

በዝቋላም ወንዶችና ሴቶች ገዳማውያን በየዘመኑ ሲጸልዩ ኖረዋል። መከራም አልተለያቸውም። በ2004 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ደኑ በእሳት ሲያያዝ ከአዲስ አበባና ከአካባቢው ከተሞች ወጣቶች ተራራውን ወጥተው ከመነኮሳቱ ጋር እሳቱን ታግለዋል። በ2016 ዓ.ም. በየካቲት ወር ደግሞ የጻድቁ በዓል ሳምንታት ሲቀሩት አራት የገዳሙ አባቶች በታጣቂዎች ተገደሉ። ስለ ሰው ሁሉ ሲለምኑ የኖሩ አባቶች በሰው እጅ መውደቃቸው ምእመናንን ሁሉ ያሳዘነ ነው።

ተራራውን የሚወጣ ምእመን ከቢሾፍቱ በመኪና እስከ ወንበር ማርያም ይደርሳል፤ ከዚያ ያለውን አቀበት ብዙው በእግሩ ይያያዘዋል። ሽማግሌዎች በምርኩዝ፣ እናቶች ሕፃን አዝለው፣ ጎረምሶች ለጠበል የሚሆን ባዶ ጀሪካን ይዘው ይወጣሉ። ከላይ ሲደርሱ ብዙዎቹ በመጀመሪያ የሚያቀኑት ወደ ሐይቁ ነው። በዳርቻው ቆመው በሹክሹክታ ስም ይጠራሉ፤ የታመመ ጎረቤት፣ ስደት የሄደች ልጅ፣ የተጣላ ወንድም። አንዳንዶቹ እንዳይረሱ በወረቀት ጽፈው ያመጣሉ። ስሙ የተጠራለት ሰው ግን በዚያች ሰዓት አዳማ ገበያ ላይ፣ ወይም መቂ ከሽንኩርት ማሳው፣ ወይም ባሕር ማዶ ሆኖ ሥራውን ይሠራል።