እቴጌ ምንትዋብ፤ የንጉሥ እናትና የንጉሥ አያት

እቴጌ ምንትዋብ ትውልዳቸው ከቋራ ነው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥ ስማቸውም ብርሃን ሞገሳ ይባል ነበር። አፄ በካፋ በቋራ በኩል ሲያልፉ ታመው በአባታቸው ቤት እንዳረፉ፣ ያስታመመቻቸውንም ልጅ ወደው እንዳገቧት በአፈ ታሪክ ይነገራል።

አፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ልጃቸው ኢያሱ ገና የሰባት ዓመት ገደማ ሕፃን ነበሩ። የሕፃን ንጉሥ አልጋ የብዙ ሰው ዓይን ያረፈበት ነውና፣ እናቲቱ በዚያው ዓመት ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር ነገሡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዓመፀኞች ቤተ መንግሥቱን በከበቡ ጊዜ እናትና ልጅ ከግንቡ ውስጥ ሆነው ያን ጭንቅ አብረው አሳለፉ።

ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ኮረብታ ላይ ደብረ ፀሐይን በቁስቋም ማርያም ስም አሠሩ። ቁስቋም እመቤታችን ልጇን ይዛ ከሄሮድስ ሸሽታ ያረፈችበት ቦታ ነው፤ ሕፃን ልጇን ከጠላት ስትጠብቅ ለኖረች እናት ከዚህ የሚስማማ ስም አይገኝም። በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት ባሠሩት በናርጋ ሥላሴም እቴጌይቱ ከእመቤታችንና ከልጇ እግር በታች ወድቀው ተሥለዋል።

አፄ ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. በጎልማሳነታቸው አረፉ፤ ሕፃኑ ልጃቸው ኢዮአስም ነገሡ። እቴጌይቱ ለልጃቸው የያዙትን አልጋ ለልጅ ልጃቸው ሊይዙ ተነሡ። ነገር ግን የኢዮአስ እናት ውቢት የወሎ ኦሮሞ ነበሩና የእርሳቸው ወገኖች ከቋራዎቹ ጋር በሹመት ተፎካከሩ፤ አንዱን ሕፃን አያቱም እናቱም በየወገናቸው ሳቡት። ወንድማቸው ራስ ወልደ ልዑል በ1759 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ ይህን የሚያበርድ ሰው ታጣ፤ የትግሬው ራስ ሚካኤል ስሑልም ጎንደር ገብተው ኃይሉን ያዙ።

ራስ ሚካኤል ለእቴጌይቱ ባዳ አልነበሩም፤ ልጃቸው ወልደ ሐዋርያት የእቴጌይቱን ልጅ ወይዘሮ አልጣሽን አግብተው ነበር። ሌላይቱ ልጅ ወይዘሮ አስቴር ባላቸው ማርያም ባርያው በንጉሡ የእናት ወገኖች እጅ በተገደሉ ጊዜ ራስ ሚካኤልን አገቡ። በ1761 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል ኢዮአስን በጨርቅ አሳንቀው ገደሉ። እንግዲህ የልጅ ልጃቸው ገዳይ የልጃቸው ባል ነው፤ በማን ላይ ይርገሙ፣ ለማንስ ይጸልዩ!

ጦርነቱ እስከ አገው ምድር ደረሰ። ጎንደር ማሯን፣ ቅቤዋንና ከብቷን በብዛት የምታገኘው ከዚሁ ከአገው ምድር ነበር፤ በ1762 ዓ.ም. ግን ራስ ሚካኤል የዳሞቱን ገዥ ፋሲልን በፋግታ ላይ ተዋጉት።

በዚያው ዓመት ፈንጣጣ ወደ ቁስቋም ገባ። እቴጌይቱ በዚያ ጊዜ ወደ ጎንደር የመጣውን ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስን አስጠሩ፤ እርሱም ተዘግቶ የነበረውን በርና መስኮት አስከፍቶ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አጠነ። የአስቴር ልጅ ክንፉ ዳነ። ዘውድ ለመጠበቅ ዕድሜያቸውን የፈጁት እቴጌ በዚያ ሰሞን ጭንቀታቸው ስለ ልጆች ትኩሳት ነበር።

ሌላይቱ ልጃቸው ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ለጎጃሙ ደጃዝማች ዮሴዴቅ ተድረው ራስ ኃይሉን ወልደዋል፤ ስለዚህ የእቴጌይቱ ዘር በጎጃም ገዥዎች ዘንድ ቀጠለ።

እቴጌ ምንትዋብ በ1765 ዓ.ም. ቁስቋም አረፉ። ደርቡሽ ጎንደርን ባቃጠለ ጊዜ ደብሩም ተቃጥሎ ኋላ እንደ ገና ታነፀ፤ ግንባቸው ግን ፈርሶ ቀርቷል። የእርሳቸው፣ የልጃቸው የኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አፅም በዚያው በቁስቋም መስታወት በተከደነ ሣጥን አብሮ ይታያል።