ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ እና የቦረና ከተሞች ገበያ

በአዲስ አበባ ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ መርካቶ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው አንድ ድልድይ ይሻገራል። ድልድዩ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ይባላል። ሸክም የተሸከመውም፣ ታክሲ የሚጠብቀውም፣ ጨርቅ በጅምላ ገዝቶ ወደ ክፍለ ሀገር የሚመለሰውም ነጋዴ ስሙን በየቀኑ ይጠራዋል። ከዚያ ድልድይ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ርቀው፣ በዱብሉቅ የከብት ገበያ የሚውሉ ሰዎችም ሳይጠሩት የሚኖሩበት ስም ይኸው ነው። ቦረናን በጦር ኃይል ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ያስገቡት፣ ለሠላሳ ዓመት ገደማም ከአዲስ አበባ ሆነው የገዙት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ናቸውና።

የተወለዱት በ1840ዎቹ ዓመታት በጨቦ ነው። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጦር ጨቦን በወጋ ጊዜ በልጅነታቸው ተማርከው ወደ ቤተ መንግሥት መጡ። በዚያ ዘመን የምርኮኛ ልጅ ዕጣ ብዙውን ጊዜ ሎሌነት ነበር፤ አንዳንዱ ደግሞ ከጌታው ቤት አድጎ ወታደር ይሆናል። ሀብተ ጊዮርጊስ ከሁለተኛው ወገን ሆኑ። ማንበብና መጻፍ አልተማሩም። ይሁን እንጂ ነገር በማመዛዘንና ክርክር በመፍታት የነበራቸው ችሎታ በግቢው ውስጥ ቶሎ ታወቀ፤ የፈረስ ስማቸው አባ መላ መሆኑም ከጠባያቸው ጋር የገጠመ ነው። ሊቃውንት በመጽሐፍ የሚፈልጉትን ፍርድ እሳቸው በልቡናቸው ያወጡት እንደነበር በሰፊው ተነግሯል።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ፊታውራሪ ገበየሁ ወደቁ። በእሳቸው ቦታ የጦሩ ፊታውራሪ ሆነው የተሾሙት ሀብተ ጊዮርጊስ ነበሩ። ሹመቱ ከተራ ማዕረግ በላይ ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱን የመሐል ጦር ማዘዝን ይጨምራል። ዓመት ሳይሞላ የሄዱበት ዘመቻም ስማቸውን ከደቡቡ ቆላ ጋር ለዘለዓለም አስተሳሰረው።

በ1889 ዓ.ም. ቦረና ሲደርሱ ያገኙት ሕዝብ ከጥቂት ዓመታት በፊት በከብት በሽታ መንጋውን ያጣ፣ ጠመንጃ ያልነበረው አርብቶ አደር ነበር። በገዳ ሥርዓቱ የሚተዳደር፣ በየስምንት ዓመቱ በጋዮ ተሰብስቦ ሕግ የሚያወጣ፣ ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶቹን በተራ የሚጠቀም ሕዝብ ነው። ጦርና ጋሻ ጠመንጃን ሊመክት አልቻለም፤ አገሩም ተያዘ። እዚህ ላይ ሳይታለፍ ሊነገር የሚገባው ነገር አለ። በልጅነታቸው አገራቸው ተወግቶ የተማረኩት ሰው፣ በጎልማሳነታቸው የሌላውን አገር ወግተው አስገበሩ። ይህ በዘመኑ እንደ ነውር አልተቆጠረም፤ ለቦረና ሽማግሌ ግን የዘመኑ ልማድ መሆኑ ሕመሙን አላቀለለለትም።

ዘመቻው ሲያበቃ ከተሞች ተቆረቆሩ። ከተማ የሚለው ቃል ራሱ ከመክተም የመጣ ነው፤ መጀመሪያ የሚያመለክተው ጦር የሰፈረበትን ቦታ ነበር። አዲስ አበባም ያደገችው በዚሁ መንገድ ነው። መኳንንቱ ከቤተ መንግሥቱ ዙሪያ እያንዳንዳቸው ከነሠራዊታቸው ሰፈሩ፤ ሰፈሩም በስማቸው ተጠራ። የሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈርና ድልድይም የተወለዱት እንደዚህ ነው። በቦረና ግን ሰፈራው የተመረጠው በሌላ መስፈርት ነበር። ከደጋ የመጣው ወታደር ሙቀቱንና ወባውን ይፈራል፤ ጠላትም ከሩቅ እንዲታየው ይፈልጋል። ስለዚህ ሜጋና አሬሮን የመሳሰሉ ነፋሻማና ከፍ ያሉ ቦታዎች የጦር ሰፈር ሆኑ። ሕዝቡና ከብቱ ግን ከታች፣ ከጉድጓዶቹ ዘንድ ቀረ።

ገበያ ወታደሩን ተከትሎ ወደ ላይ ወጣ። ወታደሩ እህል ይፈልጋል፤ ቦረና ግን የሚያርስ አልነበረም። ግብሩ በከብትና በጉልበት ይከፈል ስለነበር፣ ከብቱን ወደ እህል፣ ወደ አቡጀዲና ወደ ጥይት የሚለውጥ ሰው ያስፈልግ ነበር። ሲራራ ነጋዴው ይህን ክፍተት ሞላው። የዝሆን ጥርስ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ ማርትሬዛ ብርና ጨርቅ ወደ ደቡብ ይወርዳል። በእነዚያ ኮረብታዎች ላይ የተከፈቱት የመጀመሪያዎቹ ሱቆች ደንበኛ እንግዲህ ወታደሩና ቤተሰቡ እንጂ አርብቶ አደሩ አልነበረም። አርብቶ አደሩ ወደ ከተማ የሚወጣው ባብዛኛው ግብር ሊከፍል፣ እንጨት ሊያወርድ ወይም ሊከሰስ ነው። ገባርነት ያስከተለው ምሬት ብዙውን ጊዜ በመሬትና በፍርድ በኩል ይነገራል። ከተማውንና ገበያውን ለአርብቶ አደሩ የባዕድ ቤት ማድረጉ ግን ከዚያ ያልተናነሰ ጉዳት ነበር።

ፊታውራሪው ራሳቸው በቦረና አልተቀመጡም። አገሩን በምስለኔዎች ነበር የሚያስተዳድሩት፤ ሥራቸው ዋና ከተማው ውስጥ ነበር። በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። በሚቀጥለው ወር፣ በኅዳር 1900 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያና እንግሊዝ በቦረና በኩል የሚያልፈውን ወሰን የሚደነግገውን ውል ተፈራረሙ። የግዛታቸው ደቡባዊ ጫፍ በወረቀት ላይ ተሰመረ፤ ቦረናም በሁለት መንግሥታት ሥር ገባ። ወንድም ከወንድሙ፣ መንጋም ከለመደው ግጦሽ መካከል ድንበር ቆመ። እንግሊዞችም በሜጋ ቆንስላ ከፈቱ። ሞያሌ በሁለት አገር የተከፈለች ከተማ ሆና ያደገችው በዚሁ ወሰን ምክንያት ነው። ድንበሩ ለአርብቶ አደሩ ችግር፣ ለነጋዴው ግን የዋጋ ልዩነት ፈጠረ፤ የዋጋ ልዩነት ባለበት ደግሞ ንግድ አይቋረጥም።

ምኒልክ ታመው ከአልጋ ሲውሉ፣ የመንግሥቱ ሚዛን የፊታውራሪው ድምፅ ወደ ዘነበለበት የሚያዘነብል ሆነ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲሻሩ የመኳንንቱ ጎን ቆሙ። ከወር በኋላ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ጦራቸውን ይዘው በመጡ ጊዜ በሰገሌ የሸዋን ጦር የመሩት እሳቸው ነበሩ። ንጉሡ ተማረኩ፤ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ መኮንን አልጋ ወራሽ ሆነው ጸኑ። በ1910 ዓ.ም. መሐል ሰፋሪ ተነሥቶ ሚኒስትሮቹ እንዲሻሩ ሲያስገድድ ከቦታቸው ያልተነቀሉት አንድ ሚኒስትር ሀብተ ጊዮርጊስ ብቻ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከንግሥቲቱና ከአልጋ ወራሹ ቀጥሎ ሦስተኛው ኃይል እሳቸው ነበሩ። በወግ አጥባቂነታቸው ይታወቃሉ፤ አዲስ ነገር ሁሉ ቶሎ አይጥማቸውም። ጥንቃቄያቸው አንዳንድ ጊዜ አገርን ጠቅሟል ለማለት ይቻላል። በቦረና ጉዳይ ግን ጥንቃቄው ነገሩን እንዳለ ከመተው የተለየ ፍሬ አላፈራም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ግዛቱ ወታደሩን መገበ እንጂ ከአርብቶ አደሩ ጋር የሚገናኝ፣ በእሱ ፍላጎት ላይ የተመሠረተ የገበያ ከተማ አልተሠራለትም።

በታኅሣሥ 1919 ዓ.ም. አረፉ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ ጊዜ አላጠፉም። በሺዎች የሚቆጠረው ሠራዊታቸውና ሰፊ ርስታቸው ሳይውል ሳያድር ወደ አልጋ ወራሹ እጅ ገባ። ለአንድ ዕድሜ የተከማቸው ኃይል በጥቂት ቀናት ውስጥ ባለቤት ለወጠ። የቀረው ስምና ቦታ ብቻ ነው።

ቦታውም ቢሆን እንደነበረ አልቀረም። ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘበት ዘመን ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ታላቅ ገበያ ነቅሎ ወደ ምዕራብ አዛወረው፤ የዛሬው መርካቶ የተጀመረው በዚህ ነው። ፊታውራሪው ሰፈራቸውን ሲመሠርቱ በሠራዊታቸው መካከል የነበረው ወንዝ፣ ገበያው ሲዛወር በአሮጌውና በአዲሱ የንግድ ሰፈር መካከል ዋና መተላለፊያ ሆነ። ድልድዩ ስሙን እስከ ዛሬ ያላጣውም የነጋዴው እግር ስላልተለየው ይመስላል።

በደቡብም ጦርነቱ ካርታውን ነካካ። ነገሌ በጥር 1928 ዓ.ም. በግራዚያኒ እጅ ወደቀች። ሜጋ የጣሊያን ምሽግ ሆና ቆይታ በየካቲት 1933 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ጦር ተያዘች። ሁለቱም ከተሞች ከጦርነቱ በኋላ በአስተዳደር መቀመጫነት ቀጠሉ። ቢሮ ባለበት ደመወዝተኛ አለ፤ ደመወዝተኛ ባለበት ሱቅ፣ ሻይ ቤትና ልብስ ሰፊ አለ። በ2015 ዓ.ም. ምሥራቅ ቦረና ዞን ተቋቁሞ ነገሌ መቀመጫው ስትሆን የተነሣው ክርክር ለነጋዴው ተራ የቢሮ ጉዳይ ያልነበረውም ስለዚህ ነው።

ዱብሉቅ ግን ከዚህ ሰንሰለት ውጭ የበቀለች ናት። ቱላ ከሚባሉት ዘጠኝ የቦረና ጥልቅ የጉድጓድ ሥፍራዎች አንዱ በእሷ ዘንድ ይገኛል። ወጣቶች በሰው መሰላል ተደርድረው፣ እየዘፈኑ ውሃ ያወጣሉ። የየመንጋውን ተራ የሚወስነው አባ ሄሬጋ ነው። አቅራቢያዋ ያለው ኤል ሶድ ደግሞ ጨው ቤት ነው፤ ሰዎች ከእሳተ ገሞራው ጉድጓድ ሐይቅ ውስጥ ጠልቀው የሚያወጡት ጥቁር ጭቃና ጨው በአህያ ጀርባ ዳገቱን ይወጣል። ውሃና ጨው ባለበት ከብት ይመጣል። ወደ ሞያሌ የሚያልፈው መንገድ ሲጨመርበት ገበያው ያለማንም ሹም ትእዛዝ ቆመ። ጦር የሰፈረበት ኮረብታ ያላገኘውን ደንበኛ የጉድጓዱ አፍ አገኘው። ዛሬ ከብት፣ ግመልና ፍየል ከዚህ ተጭነው ወደ መሐል አገርም፣ ወደ ኬንያ ድንበርም ይሄዳሉ።

የዱብሉቅ ሱቅ ሒሳብ ቀላል ነው፤ አርብቶ አደሩ ፍየሉን ሸጦ በቆሎ፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ጀሪካንና ጨርቅ ይገዛል። ፍየሉ ሲከሳ ዋጋው ይወርዳል፤ በዚያው ሰሞን የበቆሎው ይወጣል። ባለሱቁ በዱቤ ይሰጣል፤ ዝናብ ካልጣለ ዱቤው አይመለስም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ የታየው ይህ ነው። መንጋ አለቀ፤ ከብታቸውን ያጡ ብዙ ቤተሰቦች ዱብሉቅ ዳር በመጠለያ ሰፈሩ። ከተማዋ በሰው ብዛት አደገች፤ ገዢዋ ግን አነሰ። የእርዳታ እህል የሚቀበል ሰው ከሱቅ የሚገዛው እምብዛም ነው።

በሌላ በኩል አዲስ አበባን ከናይሮቢና ከሞምባሳ የሚያገናኘው አስፋልት በደጇ ያልፋል፤ በ2013 ዓ.ም. በሞያሌ የጋራ የድንበር ኬላ ሥራ ጀምሯል። የጭነት መኪናው እንደ ጥንቱ ሲራራ ውሃ ባለበት ሁሉ አያድርም፤ ሳይቆም ሊያልፍም ይችላል። ስልክ ያለው አርብቶ አደር የሞያሌንና የያቤሎን ዋጋ ከመነሻው ያውቃል። ዱብሉቅ ላይ እንዲቆም የሚያደርገው ለከብቱ የሚበቃ ውሃ፣ ሚዛን፣ ጥላና የእንስሳት ሐኪም ካለ ነው። ከከተማው ገቢ የትኛው ወደ ገበያው ይመለስ የሚለውን የሚወስነው ሹም የሚቀመጠው እንደ ፊታውራሪው ዘመን በሩቅ አይደለም።

ሜጋ አሁንም ከኮረብታዋ ላይ ናት፤ ጉም ትለብሳለች። በገበያ ቀን ጠዋት ከዱብሉቅ ጉድጓድ የሚወጣው መንጋ መጀመሪያ ተራውን ጠብቆ ይጠጣል፤ ከዚያ ወደ ገበያው ይነዳል፤ የጠማውን ከብት ደላላው ዋጋ ይቀንስበታልና።