ወይዘሪት ፋኒ ፋርመር፤ የልክ መምህርት

ስለ መምህራን ውለታ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው የፊደልና የሒሳብ አስተማሪ ነው። ነገር ግን ማእድ ቤትን የመማሪያ ክፍል አድርገው፣ ከእጅ ወደ እጅ ብቻ ይተላለፍ የነበረውን ሙያ በመጽሐፍ ለሕዝብ ያዳረሱ መምህራንም አሉ። ከእነዚህ አንዷ አሜሪካዊቷ ወይዘሪት ፋኒ ፋርመር ናቸው።

ወይዘሪት ፋኒ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1857 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ ተወለዱ። ወላጆቻቸው የሴት ልጅን ትምህርት የሚያከብሩ ሰዎች ስለ ነበሩ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ሊልኳቸው ያስቡ ነበር። ዳሩ ግን በ16 ዓመታቸው ጽኑ ሕመም መታቸው፤ አካላቸው ሰለለ፤ ለብዙ ጊዜም መራመድ ተሳናቸው። በኋላ ቢሻላቸውም ማነከሱ አልቀረም፤ የታሰበውም ትምህርት በዚሁ ቀረ።

ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው በቦስተን የባልትና ትምህርት ቤት ገቡ። በ1889 ተመርቀው በዚያው በረዳትነት ቀሩ፤ ጥቂት ቆይተውም ኃላፊ ሆኑ።

በዚያ ዘመን ቅቤው እንቁላል ያህል፣ ጨው በቁንጥር፣ ዱቄት በኩባያ ይባል ነበር። ግን ኩባያው የቱ ነው? እስከ አፉ ነው ወይስ ተቆልሎ? ይህ ለባለሙያ እጅ በቂ ነው፤ ለጀማሪ ግን ጨለማ ነው። በእርግጥ ከእሳቸው በፊት በዚያው ትምህርት ቤት ያስተማሩት ወይዘሮ ሜሪ ሊንከን በ1884 ባሳተሙት መጽሐፍ ለልክ ተጨንቀው ነበር። ወይዘሪት ፋኒ ግን ልክን ሕግ አደረጉት፤ ኩባያውም ማንኪያውም ቁልሉ በቢላዋ ተጠርጎ ከአፉ ጋር ትክክል ይሁን አሉ።

በ1896 መጽሐፋቸውን ሲያዘጋጁ አሳታሚው አይሸጥም ብሎ ስለ ሠጋ የመጀመሪያውን 3,000 ቅጂ ማተሚያ ራሳቸው እንዲከፍሉ ጠየቀ። እሳቸውም ከፈሉ፤ መብቱም በእጃቸው ቀረ። መጽሐፉ ከዚያ ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ተሸጠ።

በ1902 የራሳቸውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። አልጋ ላይ መዋልን ያውቁት ነበርና ለሕመምተኞች ምግብ ልዩ ትኩረት ሰጡ፤ በ1904 ስለዚሁ መጽሐፍ አወጡ፤ ነርሶችን አስተማሩ፤ በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤትም ንግግር አደረጉ። በመጨረሻም እግራቸው ሲከዳቸው በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው ማስተማር ቀጠሉ፤ በጥር 1915 ያረፉት የመጨረሻውን ትምህርት በሰጡ በቀናት ውስጥ ነው።

ልክ ጣዕምን አይተካም የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን ልክ ለጀማሪው የመጀመሪያ ደረጃ ነው። እኔ ራሴ ለአንድ እጩ መምህር አርአያ የሚሆን ትምህርት አሳይቼ፣ እሱ በተራው ሲሞክረው ስላልሠመረለት ምክንያቱን ቢጠይቀኝ መልስ ያጣሁበት ቀን አለ። ሙያው በእጄ ነበረ፤ ልኩን ግን አልነገርሁትም ነበር። ስለዚህ የምናውቀውን ሁሉ ሌላው ሊሠራው በሚችል መልክ ማስቀመጥ ከወይዘሪት ፋኒ የምንወርሰው ግዴታ ነው።